«በዚህ ቀን» የሚሉ የአደጋ ዝርዝሮች፦ በማርች 27 ሲለኩ

«በዛሬዋ ዕለት ይህ አደጋ ደረሰ» የሚሉ አገልግሎቶች በሦስት መልክ ይቀርባሉ። አንደኛው እንደ ዊኪፔዲያ ያለ ነጻ መዝገበ ዕውቀት ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፍተው ገጽ ነው። ሁለተኛው በየማለዳው ስልክ ላይ አንድ መስመር የሚልክ አፕ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ገጹ በየቀኑ የሚገነጠል የጠረጴዛ ካላንደር። ሦስቱም የሚያቀርቡት ሸቀጥ ተመሳሳይ ነው፦ ዓመት፣ ቦታ፣ የሟች ቁጥር። የሚለያዩት አንባቢው ከመስመሩ ጀርባ ያለውን እንዲያይ በመፍቀድና በመከልከል ነው።

ለመለኪያ የተመረጠው ማርች 27 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በ24 ሰዓት አጻጻፍ ናቸው)። በዚህች ቀን በ1964 የአላስካው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1977 በስፔን የካናሪ ደሴቶች የቴኔሪፌው የአውሮፕላኖች ግጭት፣ በ1980 በሰሜን ባሕር የአሌክሳንደር ኪየላንድ የነዳጅ መድረክ መገልበጥ፣ በ2009 ደግሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሲቱ ጊንቱንግ ግድብ መደርመስ ደርሰዋል። አየር፣ ምድር፣ ባሕርና ግድብ። ለፈተና የተመቸ ቀን ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ አደጋ እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚሰናከልበትን የተለየ ቦታ ያሳያል።

ሰዓቱ የማን ነው?

የመጀመሪያው መሰናክል ቀኑ ራሱ ነው። አላስካ የተናወጠችው በአካባቢው ሰዓት 17:36 ላይ ነበር። በዓለም አቀፉ ሰዓት ግን ያን ጊዜ ማርች 28፣ 03:36 ሆኗል። የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቦች የሚጻፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ ማርች 27ን ብቻ አስገብቶ የፈለገ ሰው ዋናውን ንውጥውጥታ አያገኘውም። ሲቱ ጊንቱንግ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ግድቡ የተደረመሰው ሌሊት 02:00 ገደማ፣ ሰዎች ተኝተው ሳለ ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና ማርች 26፣ 19:00 ነበር። እንግዲህ ከመረጃ ቋት በፕሮግራም ተለቅሞ የተሠራ ዝርዝር ሳያውቀው አንዱን አደጋ ወደ ነገ፣ ሌላውን ወደ ትናንት ይገፋል። ትክክለኛው ደንብ የአደጋውን ቦታ ሰዓት መያዝ ነው። ችግሩ ይህን ደንብ መያዙን የሚገልጽ አገልግሎት ጥቂት መሆኑ ነው።

የአካባቢውን ሰዓት ቢይዙም ጣጣው አያልቅም። የአላስካው ሱናሚ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሬሰንት ሲቲ የደረሰው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማዕበሎች ሲመለሱ ነገሩ ያበቃ የመሰላቸው ሰዎች ሱቃቸውን ለማየትና ለማጽዳት ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ከሁሉ ትልቁ አራተኛው ማዕበል ሲሆን፣ የመጣውም ከ01:00 በኋላ ነው። እነዚህን ሰዎች አደጋው የገደላቸው ማርች 28 ላይ ነው ማለት ነው። «በዚህ ቀን 131 ሰዎች ሞቱ» የሚል መስመር ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ይውጠዋል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በሌሎች ቀኖችም አለ። ታይታኒክ ከበረዶው ግግር ጋር የተጋጨችው ኤፕሪል 14፣ 23:40 ላይ ሲሆን የሰመጠችው ኤፕሪል 15፣ 02:20 ላይ ነው፤ ሁለቱን ገጾች ያላገናኘ ዝርዝር አንዱን አደጋ ሁለት ያስመስለዋል። ሞስኮ ውስጥ በ1896 የደረሰው የኾዲንካ መረጋገጥ በሩስያ የዩልዮስ አቆጣጠር ሜይ 18፣ በጎርጎርዮሳዊው ሜይ 30 ነው። የአላስካው መንቀጥቀጥ «የስቅለት ዓርብ መንቀጥቀጥ» ተብሎ መጠራቱም አሳሳች ነው። በዓሉ በየዓመቱ ቀኑን ይቀይራል፤ ማርች 27 ላይ የዋለው የ1964ቱ የምዕራባውያን ስቅለት ነው።

ቁጥሩ ምንን ይቆጥራል?

የሟች ቁጥር የመስመሩ ማጥመጃ ነውና በጥንቃቄ መታየት አለበት። የአየር አደጋ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ የተሳፋሪ ዝርዝር አለና። በቴኔሪፌ በኔዘርላንዱ አየር መንገድ በኬኤልኤም አውሮፕላን የነበሩት 248 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በአሜሪካው አየር መንገድ በፓን አም አውሮፕላን ከነበሩት 396 ውስጥ 335ቱ ሞቱ፣ 61ዱ ተረፉ። ድምሩ 583 ነው፤ ሂሳቡ ይገጥማል። ኪየላንድም እንዲሁ ነው፦ 212 ሰዎች ነበሩ፣ 123 ሞቱ፣ 89 ተረፉ። አንድ ዝርዝር እነዚህን ሁለቱን ከተሳሳተ ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ማጥፋት አይገባም።

የአላስካው ግን ልቅ ነው። በተለያዩ ምንጮች ከ125 እስከ 139 የሚደርሱ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ልዩነቱ የሚመጣው በካሊፎርኒያና በኦሪገን የሞቱትን ከማካተትና ካለማካተት፣ የጠፉትንም ከመቁጠርና ካለመቁጠር ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስከፋው ግን ቁጥሩ የሚደብቀው ነገር ነው፤ ከሟቾቹ አብላጫው የሞተው በውሃ እንጂ በሕንጻ ፍርስራሽ አይደለም። ቫልዲዝ ላይ ከወደቡ በታች ያለው የባሕር ወለል ተንሸራትቶ መትከያውን ከነሰዎቹ ይዞት ሄደ፤ ከተማዋም በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። በሲቱ ጊንቱንግ «ወደ 100 የሚጠጉ» ማለት ይበቃል፤ ለእንዲህ ያለ የሌሊት ጎርፍ «ቢያንስ» ወይም «ገደማ» ሳይል አንድ ቁጥር ቁርጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ዝርዝር የተጠራጠረው ሳይኖር ተጽፏል።

ቁጥር ያረጃልም። ኤፕሪል 15፣ 1989 በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨፍለቅ በዕለቱ የሞቱት 94 ነበሩ። ለብዙ ዓመታት 96 ሲባል ቆየ፤ ከ2021 ወዲህ 97 ነው። የታተመ ካላንደር ይህን ማረም አይችልም።

ምክንያቱ የት ገባ?

እነዚህ አገልግሎቶች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ቴኔሪፌን ሁሉም «በጭጋግ ምክንያት ሁለት ጃምቦዎች ተጋጩ» ብለው ያልፉታል። ጭጋጉ ግን ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ ነው፤ እሱም በትክክል ሲነገር ደመና ነው፤ የሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚገኝ፣ የሚንሳፈፈው ደመና ማኮብኮቢያውን በደቂቃዎች ውስጥ ይሸፍነዋል፣ ይገልጠዋልም።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ሌላ ደሴት ላይ ነው። በግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ፈንድቶ ማረፊያው ሲዘጋ፣ ወደዚያ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ወደ ትንሿ ሎስ ሮዴዎስ ተመለሱ። ማቆሚያው ሞላና የጎን መተላለፊያው በቆሙ አውሮፕላኖች ተዘጋ። ስለዚህ ለመነሳት የሚፈልግ ሁሉ በዋናው ማኮብኮቢያ ላይ ወደ ኋላ እየተጓዘ ጫፉ ላይ መዞር ነበረበት። ማኮብኮቢያው አንድ ብቻ ነው። ኬኤልኤም በመጠባበቂያው ጊዜ 55,500 ሊትር ነዳጅ ቀዳ፤ ከኋላው የቆመው ፓን አም አልፎት መውጣት ስላልቻለ ጠበቀ። ማረፊያው የምድር ራዳር አልነበረውም፤ ተቆጣጣሪው ሁለቱንም አያያቸውም፣ እነሱም እርስ በርስ አይተያዩም።

ፓን አም በሦስተኛው መውጫ እንዲወጣ ተነገረው። ሦስተኛው መውጫ ግን ወደ 148 ዲግሪ የሚጠጋ መታጠፍ ይጠይቃል፤ እንደ ሁለቱ ላለ ግዙፍ ቦይንግ 747 እጅግ የጠበበ ነው። አውሮፕላኑ ወደ አራተኛው እያመራ ሳለ ኬኤልኤም ጫፉ ላይ ዞሮ ቆሞ ነበር። ከተቆጣጣሪው የተቀበለው የመስመር ፈቃድ ነው፤ ከተነሳ በኋላ በየት እንደሚበር የሚነግር ፈቃድ እንጂ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም። የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ ፈቃዱን መልሶ ሲያነብ መጨረሻው ላይ «አሁን በመነሳት ላይ ነን» የሚመስል ሐረግ ጨመረ። ተቆጣጣሪው «ለመነሳት ተዘጋጅተን ቆመናል» ማለታቸው መሰለው። «ኦኬ» አለ፤ ቀጥሎም «ለመነሳት ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ» አለ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም «እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ እየሄድን ነው» ሲል በዚያው ሞገድ ገባ።

በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ሦስተኛው የሚሰማው ሁለቱንም አይደለም፤ ጩኸት ነው የሚሰማው። በኬኤልኤም ኮክፒት ውስጥ በግልጽ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ነው። የበረራ መሐንዲሱ ፓን አም ማኮብኮቢያውን ለቅቆ እንደሆነ ጠየቀ። ካፒቴኑ ለቅቋል አለ። ካፒቴኑ የኩባንያው የ747 አሠልጣኞች አለቃ ስለነበር ጥያቄው ሁለተኛ ጊዜ አልተነሳም።

ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ማስገባት አይቻልም፤ ማንም አይጠብቅም። አንድ ሐረግ ግን ይገባል፦ «ያለ መነሻ ፈቃድ፣ በተደራረበ የሬዲዮ መልእክት ምክንያት»። በቀዳሚው መስመር ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የሚጨምረው። ምን እንደተለወጠም ሊነገር ይችላል። ከዚያ ወዲህ በበረራ ሬዲዮ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት «ዲፓርቸር» ይባላል። የበታች አብራሪ አለቃውን እንዲሞግት የሚያሠለጥነው የቡድን ሥራ ትምህርትም ሥር የሰደደው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው።

6 ሚሊሜትር

ኪየላንድ ከዚህ የባሰ በደል ይደርስበታል። ዝርዝሮቹ «በማዕበል ተገለበጠ» ይሉታል። ማዕበሉ ነበር፤ ነፋሱ 40 ኖት (በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ሞገዱ እስከ 12 ሜትር ደርሶ ነበር። ለሰሜን ባሕር ግን ይህ መድረክ የሚገለብጥ አይደለም። ኪየላንድ በአምስት እግር የሚንሳፈፍ ብረት ነው፤ በወቅቱ የሚያገለግለው ለቁፋሮ ሳይሆን በኤዳ የነዳጅ መስክ አጠገብ ለሠራተኞች ማደሪያነት ነበር።

ስብራቱ የጀመረው ዲ ከተባለው እግር ጋር ከሚያያዙት ማገሮች በአንዱ ላይ ነው። በዚያ ቱቦ ላይ ሃይድሮፎን፣ ማለትም የውሃ ውስጥ ድምፅ መቀበያ፣ የሚሰካበት ትንሽ ማቀፊያ ተበይዶ ነበር። የብየዳው ውፍረት 6 ሚሊሜትር ነው። ማቀፊያው ክብደት የሚሸከም አካል ስላልሆነ እንደ መለዋወጫ ታየ፤ ብየዳውም የዋናው መዋቅር ብየዳ የሚያገኘውን ጥንቃቄና ፍተሻ አላገኘም። ይሁን እንጂ ብረት አንዴ ከተበየደ በኋላ «ይህ ዋና፣ ያ ተጨማሪ» ብሎ አይለይም። በብየዳው ጠርዝ የተፈጠረች ስንጥቅ በእያንዳንዱ ሞገድ ጥቂት ጥቂት እየተራመደች ወደ ማገሩ ገባች። መርማሪዎቹ በስንጥቁ ውስጥ ቀለም አግኝተዋል፤ ስንጥቁ ከፋብሪካው ሳይወጣ የነበረ ነው ማለት ነው።

ማገሩ ሲበጠስ ጭነቱ በተቀሩት ላይ ወደቀ፤ እነሱም ተከታትለው ተበጠሱና እግሩ ተገንጥሎ ሄደ። መድረኩ ከ30 ዲግሪ በላይ አዘነበለ። ከስድስቱ የመልሕቅ ገመዶች አምስቱ ተበጠሱ፤ በቀረችው በአንዷ ተንጠልጥሎ ትንሽ ቆየና እሷም ስትበጠስ፣ እግሩ በወጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተገለበጠ።

የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። እያንዳንዳቸው 50 ሰው የሚይዙ ሰባት ጀልባዎች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ከበቂ በላይ ነው። አራቱ ወደ ውሃ ቢወርዱም ከማውረጃው ገመድ መላቀቅ የቻለው አንዱ ብቻ ነው። መንጠቆው የተሠራው ገመዱ ላይ ውጥረት እስካለ ድረስ እንዳይከፈት ነው፤ ጀልባው በአየር ላይ ሳለ በስህተት እንዳይለቅ የታሰበ ጥንቃቄ ነበር። ሞገድ በሚያነሳውና በሚጥለው ጀልባ ላይ ግን ውጥረቱ አይላላም። ከዚህ በኋላ በጭነት ላይ እያለም የሚከፈት መንጠቆ ተፈላጊ ሆነ።

«123 ሞቱ፣ ማዕበል ነበር» የሚለው መስመር ከዚህ ሁሉ አንድም አያስተምርም።

9.2 እና «ከሁሉ የከፋ»

በአማርኛ ሲጻፍ የአላስካው መንቀጥቀጥ «በሬክተር ስኬል 9.2» ይባላል። 9.2 የሬክተር ልኬት አይደለም፤ ሞመንት ማግኒቲዩድ በሚባለው ኋላ በመጣ ልኬት የተሰላ ነው። በዘመኑ የተነገሩት ቁጥሮች ከ8.4 እስከ 8.6 ነበሩ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ልኬታቸው ይለያያል፤ 8.4 የሚል አሮጌ ካላንደርም ውሸታም አይደለም። ቆይታው ወደ አራት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ሁሌም ሊነገር ይገባዋል፤ አንኮሬጅ ውስጥ በተርናጌን ሃይትስ ሰፈር 75 ያህል ቤቶችን ይዞ የሄደውን የሸክላ አፈር ያደከመው ይህ ርዝመት ነውና።

«ከሁሉ የከፋ» የሚል ማዕረግ ሲታይ ወሰኑን መጠየቅ ያሻል። ቴኔሪፌ በሟች ብዛት የመጀመሪያው የአቪየሽን አደጋ ነው፤ በአንድ አውሮፕላን ብቻ ከሆነ ግን በ1985 ጃፓን ውስጥ 520 ሰዎች የሞቱበት ይቀድማል። አላስካ በሰሜን አሜሪካ ከተመዘገቡት ትልቁ፣ በዓለም ደግሞ በ1960 ቺሊ ከደረሰው የ9.5 መንቀጥቀጥ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ከኪየላንድ በላይ ደግሞ በ1988 ፓይፐር አልፋ በተባለው የነዳጅ መድረክ ላይ 167 ሰዎች ሞተዋል። ወሰኑን የማይጽፍ አገልግሎት ማዕረግ ያባክናል።

«ማርች 27 የተረገመ ቀን» የሚሉ አፖች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሱ ናቸው። 23 ክስተቶችን በዓመቱ ቀኖች ላይ እንዲያው ብትበትን፣ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ቀን ላይ የመዋላቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። በታሪክ የተመዘገቡት ታላላቅ አደጋዎች ከ23 እጅግ ይበዛሉ፤ አራቱ አንድ ቀን ላይ መገኘታቸው ሊያስደንቅ አይገባም።

ነጥብ

የመዝገበ ዕውቀቱ የቀን ገጽ፦ ከ5 አራት። ነጻ ነው፣ ይታረማል፣ ዋናው ጥቅሙም እያንዳንዱ መስመር ወደ አደጋው ሙሉ ገጽ መውሰዱ ነው። ድክመቱ ክብደት አለመለየቱ ነው፤ ጦርነቱም፣ ስምምነቱም፣ አደጋውም በዓመት ቅደም ተከተል ተደባልቆ ይቀመጣል፤ አደጋዎቹን መልቀም የአንባቢው ሥራ ነው። የቋንቋዎቹ ገጾችም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ያለውን ሌላው ላይኖረው ይችላል።

የስልኩ አፕ፦ ከ5 ሁለት። መስመሩ አጭር ስለሆነ ምክንያቱን ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜ ምንጭ አያሳይም። ከመጫን በፊት ሁለት ነገሮችን ብቻ ማየት ይበቃል፦ መስመሩን ሲነኩት ወደ ምንጭ ይወስዳል ወይ? ሲሳሳት የሚታረምበት ቁልፍ አለው ወይ? ሁለቱም ከሌሉት አንድ ነጥብ ይቀነስበት።

ካላንደሩ፦ ከ5 ሁለት ተኩል። አይታረምም፣ ያረጃል። ነገር ግን በአዘጋጅ እጅ የተመረጠ ከሆነ ለአንድ ቀን አንድ አደጋ ብቻ መርጦ አምስት ስድስት መስመር ይሰጠዋል፤ አፑ የማያደርገው ይህ ነው። ሲገዙ ኤፕሪል 15ን ገልጦ ማየት ጥሩ ነው፦ ሂልስቦሮ ካለና 96 ካለ መረጃው ከ2021 በፊት የተለቀመ ነው።

አንድ መስመር ከመለጠፍ ወይም ለሌላ ከማካፈል በፊት ማጣሪያው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ የአደጋውን ሙሉ ገጽ ከፍቶ ሰዓቱንና የሰዓት ክልሉን ማየት፤ መንቀጥቀጥ ከሆነ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር ማመሳከር። ከዚያ የተሳፈሩትን፣ የሞቱትንና የተረፉትን መደመር፤ የማይገጥም ከሆነ የጠፉት ወይም በኋላ የሞቱት አንዱ ውስጥ ተቆጥረዋል። ቀጥሎ የምርመራ ሪፖርቱ ምን አለ ብሎ መፈለግ፤ የጋዜጣ የመጀመሪያ ቀን ዜና ለምክንያት አይሆንም። መጨረሻ ላይ መስመሩን እንደገና መጻፍ። ለኪየላንድ ለምሳሌ እንዲህ ቢባል ከመደበኛው ብዙም አይረዝምም፦

«1980፦ በኖርዌይ የሰሜን ባሕር ክልል የሠራተኞች ማደሪያ የነበረው የአሌክሳንደር ኪየላንድ መድረክ፣ በአንድ ማገር ላይ ከነበረ 6 ሚሊሜትር ብየዳ በጀመረ ስንጥቅ እግሩ ተገንጥሎ ተገለበጠ፤ ከ212ቱ 123ቱ ሞቱ፤ ከወረዱት አራት የነፍስ አድን ጀልባዎች ከገመዱ የተላቀቀው አንዱ ብቻ ነው።»